የቤዙ ሦስተኛ ቁልፍ

ሬሳውን ያገኙት እናቱ ናቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው ያከበደው ይኼ ነው።

ለእግራቸው ሕክምና ውለው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ ደረጃውን በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ፤ በሩን ገፋ ሲያደርጉት የበኩር ልጃቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። የተኛ መስሏቸው «አንተ፣ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል እንዴ? ተነሥ!» ብለው ተቆጡት። ሁለተኛ አልተቆጡም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ክፍሉ አሁንም ያጉረመርም ነበር። ጥግ ላይ ያለው የድምፅ ማጉያ ስላልጠፋ ቀይ መብራቱ በርቶ «እምምም» ይላል። ከማጉያው የወጣው ኬብል ወንበር ተደግፎ የቆመ ቤዝ ጊታር ላይ ተሰክቷል። ከወንበሩ ፊት ለፊት አንድ አዲስ የጊታር ኬዝ ክዳኑ እንደተከፈተ ተኝቷል፤ ከጠንካራ ጣውላ የተሠራ፣ ማዕዘኖቹ በብረት የተለበጡ፣ ውስጡ በጊታሩ ቅርፅ ልክ በተቆረጠ ስፖንጅ የተሞላ። ዕቃ እንዳይሰበር የተሠራው ኬዝ የሰው ራስ ሰብሯል። ከብረት ማዕዘኖቹ በአንዱ ላይ ደምና ፀጉር ነበረ፤ ደሙ ወደ ውስጥም ወርዶ ስፖንጁን አርሶታል።

ሟቹ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ ቤዝ ተጫዋች ነው። የባንዱ ልጆች «ምሰሶ» ይሉታል። ሌላው መድረክ ላይ ሲዘል እሱ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም፤ ዘፈኑም እሱን ተደግፎ ነው የሚቆመው።

ሳጅኑ ጊታሩ ላይ አጎነበሰ። ስምንት ዓመት በፖሊስ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ነፍቷል፤ ወደ ምርመራ የተዛወረው ሁለት የፊት ጥርሶቹ ከወለቁ ወዲህ ነው።

«እንዳትነካው» አለችው።

«ማየትም ክልክል ነው እንዴ? ሦስት ቁልፍ አለው። የመጀመሪያው የላይኛው ፒክአፕ ነው፤ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ሁለተኛው የታችኛው ፒክአፕ፣ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ሦስተኛው ቶኑ ነው፤ እሱም እስከ ጥግ።»

«በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«ፒክአፕ ማለት እነዚህ ከክሮቹ ሥር ያሉት ማግኔቶች ናቸው፤ የክሩን ንዝረት ይዘው ወደ ማጉያው ይልካሉ። ወደ አንገቱ ያለው ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ወደ ታች ያለው ቀጭን። ቶኑን ሲዘጉት ድምፁ ይለሰልሳል፤ ሲከፍቱት ጥፍር ክሩን ሲነካው እንኳ ይሰማል። ቁልፎቹ እንዲህ ከተቀመጡ ቤዙ እንደ ሽቦ ነው የሚጮኸው።»

«ፎቶ ይነሣ» አለች። ለጊዜው ምንም አልመሰላትም።

ሐኪሙ ብዙ አላስጠበቃትም። ምቱ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሲወድቅ ራሱ ብረቱን አግኝቷል። የሞተው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

*

ሕንጻው አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ከበሩ ማዶ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የምትውል ልብስ ሰፊ አለች።

«ታናሽየው ስምንት ሰዓት ላይ ኬዙን ተሸክሞ ገባ» አለች። «ሥራው ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ኬዝ ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሆነ። መኪናዬን አቁሜ አዳመጥኩ፤ መቼም ሰው ነኝ።»

«ምን ተባባሉ?»

«አፌ ባይናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ታላቅየው ከባንዱ ጋር ለአንድ ዓመት ወደ ውጭ ሊሄድ ነው። ታናሽየው ‹እማዬን በምን እግሯ ጥለሃት ትሄዳለህ?› አለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ‹ሂድ እንግዲህ! በዚሁ ኬዝ ተጭነህ ተመለስ!› አለው። አንድ ነገር ጓ አለ፤ ልጁ በሩን ድርግም አድርጎ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ። ስምንት ተኩል ቢሆን ነው።»

«ከዚያ በኋላ ማን ገባ?»

«እናቱ እስኪመለሱ ዝንብ አልገባም።»

«ሙዚቃስ ሰምተሻል?»

«መኪናዬ እየሄደ? እንኳን ሙዚቃ ራሴንም አልሰማ!»

የባንዱ መሪና ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ለጉዞው ሰነድ ሲያሟሉ ስለዋሉ ከጥርጣሬ ወጡ። የቀረው ታናሽየው ነው። ከመምሸቱ በፊት ከሥራ ቦታው፣ እጁ በማጣበቂያ እንደተለወሰ፣ ይዘውት መጡ።

*

ከሟቹ ክፍል ሥር፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ «ጋሽ ጆሮ» ይባላሉ። አርባ ዓመት ቤዝ አስተምረዋል። አሁን የባንዶችን ቅጂ ድምፅ ያመጣጥናሉ፤ በሙያው ውስጥ ጋሽ ጆሮ ሰምተው ካላለፉት ዘፈን አለቀ አይባልም። የሁለቱ ልጆች አባት ሲሞት ታላቁን ጊታር ያስጨበጡት፣ ታናሹን መጋዝ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከልቅሶ ብዛት አብጧል።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ። «እየተጫወተ ሳለ ነው ትንሹ የገባው። ጠብ ሆነ፣ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ ጭጭ።»

«የሚጫወተው ሟቹ እንደነበረ እርግጠኛ ነዎት?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ኩራት ይሁን ሐዘን ለመለየት ያስቸግራል። «እኔን? የቁልፎቹን አቀማመጥ ልንገርሽ። የላይኛውን ፒክአፕ ዘግቶታል። የታችኛውንና ቶኑን ጥርግ አድርጎ ከፍቷል። ድምፁ እንደ ሽቦ ይነክስ ነበር።»

ሳጅኑ ከማስታወሻው ቀና ብሎ አያት። ከፎቶው ጋር አንድ ነው። ከጀርባቸው ምድጃው ላይ የተጣደው ማንቆርቆሪያ ፉጨቱን ለቀቀው፤ ሽማግሌው ቀጠሉ፣ እሱም ቀጠለ፤ በመጨረሻ ኢንስፔክተሯ ራሷ ተነሥታ አወረደችው።

«አዎ፣ በደንብ ሲፈላ ነው የምወደው» አሉ።

ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሳጅኑ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እንዲህ ዓይነት ምስክር በሃያ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።»

«እኔን ጥሩ ምስክር ያስፈራኛል» አለች። «እውነተኛ ምስክር አንዱን ያውቃል፣ ሁለቱን ይረሳል፣ ሦስተኛውን ይቀላቅላል።»

«እርስዎን ደስ የሚያሰኝ ሰው ገና አልተወለደም።»

*

ታናሽየው ገና ሳትጠይቀው «ገደልኩት» አለ።

ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። በዚያው መዝጋት ትችል ነበር፤ ግን ወንበሩን ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አስረዳኛ።»

«ኬዙን አመጣሁለት። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ነው። ጊታሩን ውስጡ አስተኛውና ‹ልክክ አለ እኮ!› ብሎ ሳቀ። ክዳኑን ዘጋው። እሱ ነው ያበሳጨኝ እትዬ፤ ክዳኑን ሲዘጋው የሄደ መሰለኝ። ክፉ ተናገርኩት። ገፋሁት። ጀርባዬን ሰጥቼ ስወጣ ሲወድቅ ሰማሁ።»

«ዞረህ አላየኸውም?»

«እልህ ይዞኝ ነበር።»

«ቆይ። ስትወጣ ኬዙ ተዘግቷል ነው የምትለኝ?»

«ሁለቱም መቆለፊያዎች። እኔ ነኝ የገጠምኳቸው፤ ቀጭ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጊታሩ ውስጥ ነው?»

«ውስጥ ነው።»

«ማጉያውስ?»

«ጠፍቷል። ምን ያደርጋል እትዬ? ገደልኩት አልኩዎት እኮ። ለምን ያደክሙኛል?»

የተዘጋ ኬዝ ስፖንጅ ደም አይጠጣም። ኢንስፔክተሯ ይህን ለራሷ ሦስት ጊዜ አለችው። ወይ ልጁ በድንጋጤ ተምታቶበታል፣ ወይ ደግሞ እሱ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ኬዙን ከፍቶ፣ ጊታሩን አውጥቶ፣ ኬብሉን ሰክቷል። ልጁ ሊያመልጥ አይፈልግም፤ ያመልጥ ዘንድ የሚዋሽ ሰው «ገደልኩት» ብሎ አይጀምርም።

አለቃዋ ግን አልተዋጠላቸውም።

«ሟቹ ተነሥቶ ጊታር ተጫወተ ልትዪኝ ነው?»

«ተነሥቶ ነው ኋላ የሞተው፣ ጌታዬ።»

«ጋሽ ጆሮ ከጠቡ በፊት ሲጫወት ነው የሰሙት። የቁልፉን አቀማመጥ ሳይቀር ነግረውሻል። በእሳቸውና ወንድሙን በገፋ ልጅ መሐል ማንን ነው የምታምኚው?» መዝገቡን ወደ እሷ ገፉት። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይገባል። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለግሽ ተፈላሰፊ።»

*

እናቲቱ ልብስ ሰፊዋ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ነበር። እግራቸው ትራስ ላይ ነው። ኢንስፔክተሯ እንዲህ ዓይነት ጉብኝት ትጠላለች፤ ሁሌም ከበሩ ላይ ልመለስ ልመለስ ይላታል።

«ትንሹ አልገደለውም» አሉ። «እናቱ ስለሆንኩ አይደለም። እነዚህ ልጆች በልጅነታቸውም ይጋፉ ነበር። ሁለት ነበሩኝ ልጄ። ትንሹ ገድሏል ከተባለ አንድም የለኝ።»

ምን ይባላል? ኢንስፔክተሯ ወደ ሥራዋ ሸሸች። «ልጅዎ ሲጫወት ድምፁ እንዴት ነበር እማማ? ቀጭን ነው? የሚጮህ ነው?»

«ኧረ! የሱ ድምፅ እንደ ጋቢ ነው፣ ያለብስሻል። ቀጭን ድምፅ ራሴን ይበጣጥሰኛል፤ ስለዚህ ያችን ሦስተኛዋን ቁልፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ዘግቶ ነው የለመደው። ጋሽ ጆሮ ይቆጡት ነበር፣ ክፈተው እያሉ። በቅርቡማ ብሶባቸዋል፤ አልሰማ ያለ ይመስል ክፈት፣ ክፈት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወጥታ የሟቹን ክፍል ማሸጊያ ቀደደች። ጋሽ ጆሮ ቅጂ ቤት ናቸው። ሳጅኑን ጊታሩን አስይዛ እሷ ምድር ቤት፣ የሽማግሌው በር ላይ ቆመች።

ድምፁ ከላይ መጣ። ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም። ትንሽ ዝም አለ። ደግሞ ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም።

«ከፈትከው?» ብላ ወደ ላይ ጮኸች።

«መጀመሪያ ዝግ፣ ሁለተኛ ክፍት!»

«ልዩነቱ የታለ?»

ሳጅኑ በደረጃው ወረደ። «እዚህ ምን ልዩነት ይኖራል? ኮንክሪት እኮ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ይውጠዋል። የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳ ሲመጣ ዘፋኙ ሳይሰማ ዱም ዱሙ ብቻ አይደል የሚሰማው? ቶኑን ቢከፍት፣ ቢዘጋ፣ ጭራሽ ነቅሎ ቢጥለው፣ ከታች ያለ ሰው…» አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ጨርሰው» አለችው።

«ከታች ያለ ሰው አያውቅም።»

*

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ጆሮን እቤታቸው አገኘቻቸው። ልብሳቸው ጥቁር ነው። ሳጅኑ ላይ ቤት ወጥቷል።

«ሰዓቱን ለማጣራት ይርዱኝ ጋሼ። ሳጅኔ ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ አንዴ ቶኑን ዘግቶ፣ አንዴ ከፍቶ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ። ለዐቃቤ ሕጉ እርስዎ በወለሉ በኩል በደንብ እንደሚሰሙ ልጽፍ ነው።»

«ጻፊ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም። ዝምታ። ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም።

«ሁለተኛው ነው ክፍቱ» አሉ ወዲያው። «ሲነክስ አይሰማሽም እንዴ?»

ኢንስፔክተሯ በሩን ከፍታ ተጣራች። «ሳጅን! ሁለተኛውን ምን አድርገህ ነው የተጫወትከው?»

«ሁለቱንም ዝግ!» አለ ከላይ። «ራስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ?»

ተመልሳ ተቀመጠች። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ። በዚህ ጊዜ አልተነሣችም። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ወጣ፣ ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ጉልበታቸው ላይ የተቀመጡትን ጣቶቻቸውን ያያሉ።

«ምን ይሰማዎታል ጋሼ፣ አሁን?»

«ምን?»

«በዚህ ክፍል ውስጥ። አሁን።»

ፊቷን አዩ። አንድ ነገር እንዳመለጣቸው ከፊቷ ገባቸው። ዘወር ሲሉ እንፋሎቱ ጣሪያ ደርሷል። ተነሥተው ማንቆርቆሪያውን ሲያወርዱ የፈላው ውሃ እጃቸው ላይ ተደፋ።

«በወለሉ በኩል ያንን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ አልተፈጠረም» አለች። «የእርስዎ ጆሮ ደግሞ ፊት ለፊትም አይሰማው። ቁልፎቹን በዓይንዎ ነው ያዩት። ከውጭ ወደ ሕንጻው ማንም አልገባም፤ እርስዎ ግን ድሮም ውስጥ ነዎት። ልጁ ከወጣ በኋላ ወደ ላይ ወጥተዋል።»

«አንተ» ልትላቸው ፈልጋ ነበር። አፏ አልታዘዘላትም።

ተመልሰው ተቀመጡ። ኋላ ሲናገሩ ድምፃቸው የአስተማሪ ድምፅ ነበር፤ ከሥር ጀምሮ፣ በየተራ።

«ሦስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋ። እርጅና ነው አልኩ። ከዚያ ቅጂ ላይ ቀጭኑን ድምፅ እየጨመርኩ፣ እየጨመርኩ ሄድኩ። ልጆቹ ይሳሳቁ ጀመር። ወፍራም ድምፅ እሰማለሁ፤ ጩኸታቸውን ሰምቼ ነው የወጣሁት። ክርኑን እያሸ ተቀምጧል። ‹ከመጡ አይቀር ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት› አለኝ። ጊታሩን ከኬዙ አውጥቶ ሰካው። ‹ፊትዎን ያዙሩ፤ ቶኑ ክፍት ነው ዝግ?› አለኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ‹ዝግ› ብዬው ስዞር የታችኛው ፒክአፕና ቶኑ ጥርግ ብለው ተከፍተዋል።»

«ሳቀብዎት?»

«ቢስቅ ኖሮማ!» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ። «አለቀሰ! ጊታሩን ወንበሩ ላይ አስደግፎ እጄን ያዘኝ። ‹ሐኪም ጋ ይዤዎት እሄዳለሁ፣ ለልጆቹም ቀስ ብዬ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ጣት አቀማመጥ ያሳየሁት ልጅ! አዘነልኝ። እጄን ልቀቅ ብዬ ገፋሁት፤ እሱን ልገድል አይደለም።»

«ኋላስ? ትንሹን ሊያሳስሩት?»

የተቃጠለ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈኑ።

«ጆሮ ነው የሚሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ ስም የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ ተናደደች። ሰው ለስሙ ብሎ ይሞታል ሲባል ሰምታለች፤ ለስሙ ብሎ ያሳደገውን ሲገድል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሲያስበላ ግን ገና ማየቷ ነው። ሆኖም ሳጅኑ ወርዶ ካቴናውን ሲያወጣ «እጃቸው ተቃጥሏል፣ ቀስ» አለችው።

በሩ ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው። «ክርኑን እያሸ ስለ ወንድሙ ምን አለ?»

ሽማግሌው ነገሯት።

*

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መዝገቡ ከአለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ተነሣ። አለቃዋ አንብበው ሲጨርሱ «እንግዲህ» አሉ፤ ከሳቸው አፍ ይኼ ብዙ ነው።

ታናሽየው እስር ክፍሉ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሲከፈትለት አልተነሣም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ አይደለህም» አለችው።

«ገፋሁት እኮ።»

«ገፋኸው። ወደቀ። ተነሣ።»

ዞሮ አያት። «ተነሣ?»

«ተነሥቶ ክርኑን ሲያሽ ነበር። ጊታሩንም አውጥቶ ተጫውቷል። ሲጫወት አንተ የለህም።»

ልጁ አፉን በእጁ ያዘ። ማን ነው ብሎ ሲጠይቃት ነገረችው፤ ይህን ለማመን ረጅም ጊዜ ወሰደበት። «ጋሼ?» ይላል፣ ደግሞ «ጋሼ?» ይላል። አንድ ቀሪ ነገር ነበራት። መናገር ይሻላል መተው እያለች አሰላሰለች። የሱ ነው፤ እሷ ልታስቀረው አትችልም።

«ወንድምህ ስላንተ የተናገረው ነገር አለ። ‹ትንሹ ልክ ነው። እማዬን ጥዬ አልሄድም፤ ማታ ሄጄ እነግረዋለሁ› ብሏል።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያይ ነበር። ማንም አላቻኮለውም።

እናቲቱ ከጣቢያው በር ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ ክንዳቸውን ይዛቸው ቆመዋል። ልጁ ሲወጣ ከዘራቸውን ጣሉት፤ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ማጣበቂያ የደረቀባቸውን ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ በእሱ ላይ ተደግፈው ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ሌላኛውንስ መቼ ነው የምትሰጡኝ?»

«ነገ ጠዋት፣ እማማ» አለች።